በዙር ለሚነዳ መኪና የፍሬን አጠባበቅ

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሓፊ ይህን ንግግር እንድናደርግ በጠየቀን ጊዜ «ስለ መኪና ሞተር ተናገሩ» ብሎን ነበር። ሞተር ግን ወዳጅ ሞልቶታል። ስለ ፈረስ ጉልበቱ ሌሊቱን የሚከራከርለት፥ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ዓይነቱን የሚለይለት ተማሪ በየመኝታ ክፍሉ አይጠፋም። ስለ ፍሬን የሚያወራ ሰው ያያችሁ እንደ ሆነ ግን ያ ሰው አንድ ቀን ፍሬን የከዳው ሰው ነው። እኛም ከዚያ ወገን ስለ ሆንን ስለ ፍሬን ለመናገር መረጥን። የምንናገረውም በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ መኪና ሳይሆን፥ በተዘጋ ሜዳ በዙር፥ በፍጥነት፥ ፍሬኑ ደጋግሞ እየተረገጠ ስለሚነዳ መኪና ነው።

አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገር። እኛ አራት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ በገዛ እጃችን አድሰን በዙር ለመንዳት ከተነሣን ዓመት ሊሞላን ነው። ሞተሯን ፈትተን ገጠምን፤ ጎማዋን ለወጥን፤ የፊት ፍሬኗንም አወረድን፥ አጠብን፥ ግራሶ ቀባን፥ መልሰን አሰርን። ሥራው ሲያልቅ ደስ ብሎን ሻይ ጠጣን። ከሁለት ወር በኋላ፥ ባለቤቶቹ ፈቅደውልን፥ ዙሪያው በታጠረ የአስፋልት ሜዳ ላይ ከመካከላችን አንዱ የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ መዞር ጀመረ። በቀጥተኛው መንገድ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከመታጠፊያው በፊት ወደ 30 ያወርዳታል። ስድስት ዙር በደኅና ዞረ። በሰባተኛው ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ያለ አንዳች መቋቋም እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሞ ረገጠ፤ ማርሽ ቀነሰ፤ የእጅ ፍሬን ሳበ፤ መኪናይቱም ከአስፋልቱ ወጥታ አፈር ላይ ገብታ ከአጥሩ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ጓደኛችን ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለብዙ ጊዜም ቃል አልተናገረም።

እኛ በእርሱ ዙሪያ ስንሯሯጥ የሜዳው ዘበኛ፥ ሽማግሌ ሰው ናቸው፥ ወደ ግራው የፊት ጎማ ጠጋ ብለው አሸተቱና «ልጆቼ፥ ይህች መኪና አንድ ወገኗ ነድዷል» አሉ። ከኮዳቸው ጥቂት ውሃ በቸርኬው ላይ ቢያንጠባጥቡ ቸስ ብሎ ተነነ። በቀኙ ላይ ቢያንጠባጥቡ እንዲሁ ፈሰሰ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ሲበርድ ፔዳሉን ብንረግጠው እንደ ቀድሞው ጠንካራ ሆኖ አገኘነው። ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንናገርም፤ ይህን ንግግር ከጻፉት አንዱ ነው) «እንግዲህ ምንም አልሆነም፤ ምናልባት አረጋገጡ ይሆናል፤ እንደገና እንዙር» አለ። ዘበኛው ግን የበሩን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው መኪናችንን በገመድ ጎትተን እንድናወጣት አዘዙን። በዚያን ሰዓት ተናደንባቸው ነበር።

ለምን ወረደ? ለምንስ ተመለሰ? የንግግራችን ሐሳብ ይህ ነው።

«ፍሬን መኪናን ያቆማል» እንላለን። በትክክል ከተነጋገርን ፍሬን የሚሠራው ሥራ የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት መለወጥ ብቻ ነው። ሩጫው የትም አይጠፋም፤ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሒሳቡን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረነዋል። 1200 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 1,500,000 ጁል ይዟል። ከመታጠፊያ በፊት ወደ 60 ቢያወርዱት 1,330,000 ጁል ያህሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ ፍሬኑ ይገባል። ይህ ሙቀት እዚህ አዲስ አበባ፥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት ከፍታ፥ ከ4 ሊትር የበለጠ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከሙቀቱ 70 በመቶ ያህሉን ሁለቱ የፊት ዲስኮች ወሰዱት እንበል፤ እያንዳንዱም ዲስክ 6 ኪሎ ግራም ይመዝን። በአንድ ረገጣ ብቻ የዲስኩ ሙቀት 170 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በከተማ አንድ ጊዜ ተረግጦ ወደሚቀጥለው መብራት እስኪደርስ ይበርዳል። በዙር ሲነዳ ግን የመጀመሪያው ሳይበርድ ሁለተኛው፥ ሁለተኛው ሳይበርድ ሦስተኛው ይደረብበታል። ዙር ፍሬንን የሚፈትነው ከኀይሉ ይልቅ በመደጋገሙ ነው።

ይህን ከማንም አስቀድመው የተረዱት የእሽቅድምድም ሰዎች ናቸው። የቀድሞው ፍሬን ታምቡር ነበር፤ ሸራው ከውስጥ ሆኖ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይሸሻል። ስለዚህ ነጂው ፍሬን እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ፔዳሉ እየራቀው ይሄዳል። ዲስክ ግን ሲግል የሚወፍረው ወደ ሸራው ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ለዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያወጣው በ1902 ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን)፤ ሐሳቡ በእሽቅድምድም ሜዳ ፍሬ እስኪሰጥ ግን ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ። ጃጓር ከደንሎፕ ጋር ሆኖ በዲስክ ፍሬን ብዙ ከደከመ በኋላ በ1952 ስተርሊንግ ሞስ በፈረንሳይ አገር በሬምስ በእንዲህ ያለች መኪና አሸነፈ። በ1953 ደግሞ ቶኒ ሮልትና ደንካን ሃሚልተን በለ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ዲስክ ፍሬን ባላት ጃጓር ቀደሙ፤ አማካይ ፍጥነታቸውም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በለ ማን ታሪክ በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ነድቶ ያሸነፈ ከእነርሱ በፊት አልነበረም። በዚያን ዘመን ለ ማን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያቋርጥ የሚሮጥ ቀጥተኛ መንገድ ነበረው፤ በመጨረሻው ጠባብ መታጠፊያ አለ። ያን ጊዜ የሚያሸንፈው ዘግይቶ ለመርገጥ የሚደፍርና የሚቆምለት ሰው ነው። መርሴዲስ በ1955 ወደዚያ ይዟቸው የሄዱት መኪናዎች ገና ታምቡር ፍሬን ስለ ነበራቸው ከነጂው ጀርባ የሚነሣ ሰፊ የብረት ክዳን ተሠርቶላቸው ነበር፤ ነፋሱ ፍሬኑን እንዲያግዘው ነው። እንዲያ ያለ ሞተር ለመሥራት የቻሉ ሰዎች የነፋስ እርዳታ ሲለምኑ ማየት ለእኛ ትልቅ ትምህርት ሆኖናል።

ዛሬ በዙር የሚነዳው ግን ባለሙያ ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር በ1927 የተከፈተው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር፥ 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው በጫካና በኮረብታ መካከል የሚጠማዘዝ መንገድ፥ በተወሰኑ ቀኖች ለማንኛውም ከፋይ ክፍት ነው። ሰው በሳምንቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስባትን መኪና ይዞ ይገባል። የዚያች መኪና ፍሬን የተሠራው አንድ ጊዜ በኀይል ተረግጦ እንዲበርድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልግዛ?» ብሎ ነው። እኛም ያንኑ ጠይቀን ነበር። የደረሰብን ነገር ግን ከመግዛት በፊት ያለውን መጠበቅ እንደሚቀድም አሳየን። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና በስድስት ዙር ደኅና የሆነ ተራ ፍሬን አይሸነፍም ነበርና።

አሁን ወደ ካሊፐሩ እንግባ። ካሊፐር ዲስኩን እንደ አንጥረኛ ጉጠት ከሁለት ወገን የሚቆነጥጠው ክፍል ነው። በእኛ ኮሮላና በብዙ ተራ መኪና ላይ ፒስተን ያለው በውስጠኛው ወገን ብቻ ነው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ወደ ዲስኩ ሲገፋ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ የውጭውን ሸራ ይስባል። ፒስተኑን አንዲት የጎማ ቀለበት፥ ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒ የምንላት፥ ከባዋለች። ብዙ ሰው የዚች ጎሚኒ ሥራ ዘይቱ እንዳይፈስ መከልከል ብቻ ይመስለዋል። ሌላም ሥራ አላት፤ በእኛ ግምት ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ በትንሽ ዋጋ ትልቅ ሥራ የምትሠራ እርሷ ናት። ፍሬን ሲረገጥ ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጎሚኒዋ እርሱን እንደ ያዘች ትጎብጣለች። እግር ሲነሣ ወደ ቅርጿ ትመለሳለች፤ ስትመለስም ፒስተኑን በጣም ጥቂት ወደ ኋላ ትስበዋለች። ሸራው ዲስኩን የሚለቀው በዚች መጎበጥ ነው፤ ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ የለም። ጎሚኒዋ ብትደርቅ ወይም ብታብጥ፥ ፒስተኑ ቢዝግ፥ ወይም ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ መንሸራተቱን ቢተው፥ ነጂው እግሩን ካነሣ በኋላም ፍሬኑ እየሠራ ይሄዳል። ዲስኩም በቀጥተኛው መንገድ መብረድ ሲገባው እየጋለ ይሄዳል።

የግራውን ጎማ ስንፈታ ያገኘነው ይህንኑ ነው። ከውስጡ ሸራ 3 ሚሊ ሜትር፥ ከውጭው 8 ሚሊ ሜትር ቀርቷል። ካሊፐሩን በእጃችን ብንገፋው አልንቀሳቀስ አለ። ፒኖቹን በመዶሻ እየመታን ስናወጣቸው የሚንሸራተቱባት ጎማ አብጣ፥ እንደ ታኘከ ማስቲካ ለስልሳ ቀዳዳውን ሞልታዋለች። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድንም። ከሁለት ወር በፊት እኛው ራሳችን በቤንዚን አጥበን፥ ለኩሽኔታ የሚሆነውን ግራሶ አብዝተን ቀብተናት ነበር። አብዝተን የቀባነው ለደግ ብለን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር እንናገር። «የፍሬን ዘይት» እንለዋለን፤ ዘይት ግን አይደለም። ከግሊኮል ወገን የሆነ፥ ውሃ የሚወድ ፈሳሽ ነው። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራችበት ጎማ ይህን ፈሳሽ ትችለዋለች፤ ከምድር ዘይት የሚወጣውን ሁሉ፥ ቤንዚኑን፥ ናፍታውን፥ የሞተር ዘይቱን፥ ተራውን ግራሶ ግን ትጠጣውና ታብጣለች። እኛ ስሙን ይዘን «ዘይት ከዘይት፥ ግራሶ ከግራሶ ዘመድ ነው» ብለን ነበር። በየጋራዡ የፍሬን ዕቃ በናፍታ ጣሳ ውስጥ ሲታጠብ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ይህን ልማድ የወረስነው ከዚያ ነው፤ አሁን ግን ዐውቀን ስለ ሆነ ሌላውን ለመውቀስ አንችልም። ለፒኖቹ የሚቀባው ለጎማ የሚስማማው የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ እርሱም በስሱ። የፍሬን ክፍል የሚታጠበው ለፍሬን ተብሎ በተሠራ ማጠቢያ ነው፤ ያ ከታጣ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ይታጠባል።

ካሊፐሩ መያዙ ግን ፔዳሉ ለምን እንደ ወረደ አይነግረንም፤ ዲስኩ ለምን እንደ ጋለ ብቻ ነው የሚነግረን። የቀረውን የጠየቁን አንድ መምህራችን ናቸው። የሆነውን ሁሉ ካዳመጡን በኋላ «የፍሬን ዘይቱን የለወጣችሁት መቼ ነው?» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን። አልለወጥነውም። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ለውጦት እንደ ሆነ ጠይቀንም አናውቅም። ከጎደለ እንሞላለን፤ ከሞላ «ደኅና ነው» እንላለን። ብንከፍተው የቡና አተላ መስሏል፤ ነገር ግን በመልክ ብቻ አትፍረዱ፤ ጥርት ብሎ የሚታየውም ውሃ የጠጣ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ፈሳሽ በጎማው ቱቦና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይኖራል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ዶት 3 የተባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚፈለግበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፥ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ያረጀ ዶት 5.1 ከአዲስ ዶት 3 ያነሰ ሊሆን ይችላል። ውድ ጣሳ ገዝቶ ሦስት ዓመት የሚረሳው ሰው ርካሹን ገዝቶ በየጊዜው ከሚለውጠው ያንሳል ማለት ነው። (ዶት 5 የሚባለው ግን የሲሊኮን ፈሳሽ ስለ ሆነ ስሙ ቢመሳሰልም ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅም።) ፈሳሽ ቢጫኑት አይጨመቅም፤ የእግርን ኀይል ሳይቀንስ ያደርሳል። ሲፈላ ግን እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይጨመቃል። እግራችን የሚገፋው ያን አረፋ ብቻ ነው፤ ፒስተኑ ምንም አልሰማም። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም እንደ ቀድሞው ይጠነክራል። «ምንም አልሆነም» ያሰኘን ይህ ነው። ዘበኛው ቁልፉን ኪሳቸው ባይከቱት ኖሮ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ባነሰ ዙር ያከትም ነበር።

ከዚህ የተነሣ በሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት መክዳት አለ፤ መለየትም ያስፈልጋል። ፔዳሉ ከወረደ የፈላው ዘይቱ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው ካልቆመ ደግሞ የተሸነፈው ሸራው ነው፤ ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ በሙቀት ተቃጥሎ ጋዝ ያወጣል፥ ፊቱም እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። ለሁለተኛው የተሻለ ሸራ መግዛት መድኀኒት ነው። ለመጀመሪያው ግን አይረዳም። ከእኛ አንዱ የእሽቅድምድም ሸራ ከውጭ አገር እናስመጣ ብሎ ዋጋ ሁሉ ጠይቆ ነበር። ሙቀት የሚችል ሸራ ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ነጂው አብዝቶ እንዲረግጥ ያስችለዋል፥ ሙቀቱም ወደ ፒስተኑና ወደ አሮጌው ዘይት ያልፋል። ደግሞም እንዲህ ያለው ሸራ እስኪሞቅ ድረስ በደንብ አይዝም፤ ጠዋት ከቤት ሲወጡ በመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ያስደነግጣል።

የሸራ ውፍረትም የሙቀት ነገር ነው። ሸራ በፒስተኑና በዲስኩ መካከል ያለ ግድግዳ ነው፤ ሲሳሳ ሙቀቱ ይቀርባል። ለመንገድ 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ይነዳል ቢባልም እኛ ለዙር ግማሹ ሲያልቅ ለመለወጥ ወስነናል። ሲለወጥም የሁለቱም ጎማ በአንድነት ነው። አሮጌውን ሸራ ከመጣል በፊት ጎን ለጎን ደርድሮ ማየት ይገባል፤ ፊደል እንደ ማንበብ ነው። የውስጡ ከውጭው ይልቅ ከተበላ ፒኖቹ ይዘዋል። የአንድ ጎማ ሁለቱም ሸራዎች ከሌላው ጎማ ይልቅ ካለቁ ፒስተኑ ወይም ቱቦው ይጠረጠራል፤ የጎማ ቱቦ ከውጭ አምሮ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አሳልፎ እንዳይመለስ ሊያግደው ይችላልና። አንዱ ጫፍ ቀጥኖ ሌላው ወፍሮ ከተገኘ ካሊፐሩ አጋድሎ እየያዘ ነው። በእኛ መኪና ላይ ይህ ሁሉ በግልጥ ተጽፎ ነበር፤ ጎማውን አንድ ጊዜ ብናወርድ ኖሮ እናነበው ነበር።

አዲስ ሸራ በገባ ቀን ወደ ሜዳ አይሮጡም። ሰው በሌለበት መንገድ ከ80 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ደጋግሞ፥ አሥር ጊዜ ያህል፥ ፈጽሞ ሳይቆሙ ማውረድ፥ ከዚያም ፍሬን ሳይነኩ እየነዱ ማብረድ ነው። በዚህ ጊዜ ከሸራው ስስ ሽፋን በዲስኩ ላይ እኩል ይቀባል፤ ፍሬኑ በደንብ የሚይዘው ይህ ሽፋን ሲኖር ነው። ከፈጣን ዙር በኋላ ደግሞ አንድ ዙር ቀስ ብሎ መዞር፥ ቆሞም እግርን ፔዳሉ ላይ አለማሳረፍ ያስፈልጋል። በጋለ ዲስክ ላይ የተጨመቀ ሸራ በዚያው ቦታ መልኩን አትሞ ይቀራል፤ በማግሥቱ መሪው ይንቀጠቀጣል። «ዲስኩ ተጣመመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ወጣ ገባ ሽፋን ነው።

አሁን ሥራውን እንዴት እንደምንሠራው በአጭሩ እንናገር። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ አይሠራባትም፤ ከሥሯ ማቆሚያ ይገባል። የፍሬኑን አቧራ በኮምፕረሰር አንነፋም፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ እንጠርገዋለን። ካሊፐሩ ሲወርድ በሽቦ ታስሮ ይሰቀላል፤ በቱቦው ተንጠልጥሎ አይተውም። ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ሸራው ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጭ ወጥቶ ይኖራል፤ ከአቧራ የሚጠብቀው ሌላ ስስ የጎማ ሽፋን አለው። በዙር ሙቀት ያ ሽፋን ይቃጠላል፥ ይሰነጠቃል፤ አቧራና ዝገትም በፒስተኑ ወገብ ላይ ይጋገራል። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን እንዲሁ ወደ ውስጥ የሚገፋ ሰው ያን ሁሉ ቆሻሻ ጎሚኒዋ ላይ ይሞርድባታል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያውን ማጽዳት፥ ሽፋኑ ከተቀደደ መለወጥ፥ ከዚያ የአየር ማስወጫዋን ትንሽ ብሎን ከፍቶ አሮጌው ዘይት በእርሷ በኩል እንዲወጣ እያደረጉ በቀስታ መግፋት ነው። በዘመኑ መኪና የጎማን መቆለፍ የሚከላከለው መሣሪያ ስላለ ቆሻሻውን ዘይት ወደ ላይ መግፋት ትልቅ ኪሳራ ያመጣል። ፒኖቹ ተጠርገው፥ ግራሶ ተቀብተው፥ በአንድ ጣት ሲገፉ መንሸራተት አለባቸው።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ፔዳሉ ላይ፥ አንዱ ጎማው ሥር። ከዋናው የፍሬን ፖምፓ ከራቀው ጎማ ይጀመራል። ከብሎኗ ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። «ርገጥ» ይላል የታችኛው፤ ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» ይላል። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። (እኛ መጀመሪያ ስንሠራው «ልቀቅ»ና «ዝጋ» ተደባልቀውብን አንድ ሰዓት ሙሉ አየር ስናስወጣና ስናስገባ ዋልን።) ፔዳሉ እስከ ወለሉ እንዳይወርድ ከሥሩ ጠፍጣፋ እንጨት እናደርጋለን፤ በአሮጌ ፖምፓ ውስጥ ጎሚኒዋ ሄዳበት በማታውቀው ዝገት ላይ ስትሄድ ትቆረጣለችና። ዘይቱ ካልተከፈተ ጣሳ ይሁን፤ ተከፍቶ የከረመው ለፍሬን አይሆንም። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በውሃ ይታጠብ፤ ቀለሙን ይልጠዋል።

የሜዳውን ዘበኛ እንመለስባቸው። በሳምንቱ ይቅርታ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር፤ በወጣትነታቸው በጎጃም መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ሆነው መሥራታቸውን የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወረድ ሹፌሩ ገና ከአፋፉ ማርሽ ይቀንሳል፤ ረዳቱም በየጊዜው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጎማ ያሸታል። «ሽታ ከመጣ ይቆማል እንጂ አይሞከርም» አሉን። ሒሳቡን ለራሳችን ብለን ሠራነው። 20 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ (የዓባይ ቁልቁለት ከዚያ ይበልጣል) 196 ሚሊዮን ጁል ያወጣል። ቀደም ብለን ያነሣናት መኪና ከ180 ወደ 60 ኪሎ ሜትር 147 ጊዜ ብትወርድ ማለት ነው። አብዛኛውን ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልተሸከመው የትኛውም ሸራ አይችለውም። እኛ ከመጽሐፍ የምናገኘውን እርሳቸው በአፍንጫቸው ያውቁት ነበር፤ በዚያን ቀን እኛ ሁለቱንም አልተጠቀምንም።

ወጪውንም እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትቀሩምና። የፒን ጎማዎች፥ የፒስተን ጎሚኒ፥ ትንሽ የሲሊኮን ግራሶና አንድ ሊትር ዶት 4 ሁሉም ተደምሮ ከውጭ ለማስመጣት ካሰብነው ሸራ አንድ ፍሬ ዋጋ አልደረሰም። የጎደለን ገንዘብ አልነበረም፤ ጎማውን አውርዶ ለማየት ግማሽ ሰዓት ነበር።

ያበጠችውን የፒን ጎማና አዲሲቱን ጎን ለጎን እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናቸዋል፤ ሁለቱን ሸራዎችም እንዲሁ። በእጃችሁ ጨምቃችሁ እዩአቸው። የቀኙ ካሊፐር ገና አልተፈታም፤ እርሱም በዚያው ቀን በዚያው ግራሶ የተቀባ ስለ ሆነ መኪናዋን ከዚያ ወዲህ አልነዳናትም። በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በወርክሾፑ እንፈታዋለን። ማየት የሚወድ ሁሉ ይምጣ፤ ጨርቅ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ቤንዚን ግን ይዞ አይምጣ።